በጦሙ የሰማነው ጊታር

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ያገኘኝ ሁሉ «እንግዲህ ዕረፍት ነው» ይለኛል። ዕረፍቱን እስካሁን አላየሁትም። ጠዋት ጣቶቼ ከእኔ ቀድመው ይነቃሉ፤ የሚይዙት ነገር ሲያጡ የብርድ ልብሱን ጠርዝ ይጫወቱበታል። ባለቤቴ «ምነው፣ ተወው እንጂ፣ እንቅልፍ ነሣኸኝ» ትላለች። እውነቷን ነው። ዕድሜዬን ሙሉ ጊታር ስጫወትና ጊታር ስጠግን ኖሬ፣ ጣቶቼን በአንድ የስንብት ደብዳቤ ማስቆም አልቻልሁም።

ሥራ የጀመርሁት ፍኖተ ሰላም ነው፤ የጨረስሁት ቡሬ። በመኪና ለሚሄድበት ሰው ወዲያው የሚያልቅ መንገድ ነው፤ እኔን ግን ዕድሜዬን ፈጀብኝ። በመካከሉ አለቆች መጡ፣ ሄዱ። የመሥሪያ ቤቱ ስም በየጊዜው ተቀየረ፤ ደመወዙ ግን ንቅንቅ ሳይል ኖረ። ስለሱ ብዙ አልልም። ልጽፍ የተነሣሁት በሥራ ዘመኔ መጨረሻ ስለመረጥሁት አንድ ጊታርና መምረጥን ስላስተማሩኝ ሰው ስለ ጋሽ ደምለው ነው። ሁለቱን ነጣጥዬ መናገር አልችልበትም።

ጋሽ ደምለው የአውራጃችን የኪነት ቡድን ጊታር ተጫዋችም ጠጋኝም ነበሩ። እኔ ከማንኩሳ ክራሬን በነጠላ ጠቅልዬ የመጣሁ ጎረምሳ ነኝ። የፈተናው ቀን ክራሬን ሳወጣ ሌሎቹ ፈታኞች ዜማ ይጠብቃሉ፤ እሳቸው ግን «እጅህን ታጥበሃል?» አሉኝ። አልታጠብሁም ነበር፤ ከመኪና ወርጄ በቀጥታ ነው የገባሁ። ወደ ቧንቧው ላኩኝና ስመለስ «በል አሁን ቃኘው» አሉ። መቃኘቱን እንጂ መጫወቱን አልጠየቁኝም። ስጨርስ «ይኼ ይበቃል። ጣት ይለመዳል፤ ጆሮ ግን ይዘውት የሚመጡት ነው» ብለው አሳለፉኝ። ከዚያ ወዲህ እጄን ሳልታጠብ ጊታር ነክቼ አላውቅም።

በዚያን ጊዜ የጊታር ክር እንደ ልብ አይገኝም። ጋሽ ደምለው ያረጀ ክር አይጥሉም፤ ቅዳሜ ቅዳሜ በድስት ውኃ ይቀቅሉታል። ዝገቱና የጣት ላቡ ሲለቅ ክሩ ለጥቂት ቀን አዲስ ይሆናል። ባለቤታቸው እትዬ አበበች «የሰው ባል ሥጋ ይዞ ይገባል፣ የኔው ሽቦ ይወጠውጣል» እያሉ ይስቁባቸው ነበር። ፒክአፕ ሲበላሽ ደግሞ ራሳቸው ናቸው የሚሠሩት። ፒክአፕ የሚባለው ከክሮቹ ሥር የሚቀመጥ፣ ፀጉር በሚያክል የመዳብ ሽቦ የተጠመጠመ ማግኔት ነው፤ የክሩን መንቀጥቀጥ ወደ ኤሌክትሪክ የሚለውጠው እሱ ነው። ጋሽ ደምለው ከሞተ ሬዲዮ ሽቦ ፈትተው እንደገና ይጠመጥሙታል። ሲጠመጥሙ ሰው አያናግሩም፤ ሽቦው ከተበጠሰ ሥራው ከመጀመሪያው ነው።

አንድ ጊዜ ለግሽ ዓባይ በዓል ሰከላ ሄደን ዝናብ ያዘንና ጊታራችን በሰበሰ። የቡድኑ ከበሮ መቺ ፀሐይ ላይ ሊያሰጣው ሲል ጋሽ ደምለው ከእጁ ነጠቁት። «ፀሐይ ያደርቀዋል፣ አዎ፤ አጣሞ ነው የሚያደርቀው» አሉ። በደረቅ ጨርቅ ጠቅልለው ባረፍንበት ቤት ጎተራ ውስጥ ጤፍ ላይ አስተኙት። ጤፉ እርጥበቱን ቀስ እያለ ጠጣለት። የቤቱ ጌታ «እህሌን ልታበሰብሱብኝ ነው» ብለው ሲቆጡ ለጎተራው ማካካሻ አንድ ምሽት ሙሉ በክራር አጫወቷቸው። ጊታሩ አንገቱ ሳይጣመም ዳነ።

ከልማዳቸው ሁሉ ግን እኔ ላይ የቀረው ሌላ ነው። አዲስ ጊታር ሲመጣ ማንም ኤሌክትሪክ ላይ እንዲሰካው አይፈቅዱም። ጭናቸው ላይ አስቀምጠው ጎንበስ ይሉና ጥርሳቸውን ከጊታሩ ቀንድ፣ ከአንገቱ ሥር ሾጠጥ ብሎ ከወጣው እንጨት ላይ፣ አሳርፈው አንድ ክር ይመታሉ። ድምፁ በእንጨቱ በኩል በጥርሳቸው ይገባል። ዓይናቸውን ጨፍነው ይቆያሉ። «ጊታርን መጀመሪያ በጦሙ ስማው» ይሉ ነበር። «በፍስኩማ ማን የማይጮህ አለ?»

ጦም የሚሉት ኤሌክትሪክ ሳይገባበት ነው። በልጅነታቸው በገና ደርዳሪ ስለነበሩ ለሳቸው ድምፅ የሚባል ነገር ከሆድ ነው የሚወጣ፤ የክራር ከገበቴው፣ የበገና ከሣጥኑ፣ የጊታርም ከእንጨቱ። እኔም በክራር ያደግሁ ነኝና ሳይነግሩኝም የማውቀው መሰለኝ። ለሠርግም፣ ለበዓልም፣ ለትዝታና ለባቲም ይኼ ሕግ አንድ ቀን ዋሽቶን አያውቅም።

ከዚያ ወደ ቡሬ ተዛወርን። የምንጫወትበት አዳራሽ ከእህል ወፍጮ ጎን ነበር፤ መብራቱም አንድ መስመር ነው። ወፍጮው በተነሣ ቁጥር ጊታራችን «እምምም» ይላል። የኛ ጊታር ፒክአፑ ነጠላ ጥቅል ነበር፤ ነጠላ ጥቅል ደግሞ የክሩን ብቻ ሳይሆን በአካባቢው ያለውን የኤሌክትሪክ ጉርምርምታ ሁሉ ለቅሞ ያመጣል። ጋሽ ደምለው ጊታሩን እንዳነገቱ መድረኩ ላይ ቀስ ብለው ዞሩ። ፊታቸውን ወደ ግሽ ዓባይ አቅጣጫ ሲመልሱ ጉርምርምታው ቀነሰ። ከዚያ ወዲያ ሁላችንም እንደዚያ ዞረን ስንጫወት ኖርን፤ ሕዝቡ የሚያየው ግማሽ ጀርባችንን ነው። አንድ አዲስ አለቃ እንግዳ ይዞ በመጣ ዕለት ይህን አይቶ ደሙ ፈላ።

«ለእንግዳ ጀርባ መስጠት የት የተማራችሁት ነው?»

«ከወፍጮው ነው፣ ጌታዬ» አሉ ጋሽ ደምለው ጎንበስ ብለው።

ማስጠንቀቂያ ተጻፈብን። ያው አለቃ ነው ኋላ ኦርጋን አስገዝቶ «ይኼ ለብቻው የሁላችሁን ሥራ ይሠራል» ያለን። ሐሰትም አልነበረበት፤ ከበሮውም ቤዙም ከአንድ ሣጥን ይወጣል። ከበሮ መቺው አዴት ሄዶ ሱቅ ከፈተ፣ ቤዝ ተጫዋቹ ሹፌር ሆነ፣ ጋሽ ደምለው ጡረታ ወጥተው ፍኖተ ሰላም ገቡ። እኔ ለጥገና ቀረሁ። የቀረው የሥራ ዘመኔ በየስብሰባው ማይክ እየሰኩ «ሄሎ፣ ሄሎ» ማለት ሆነ። በሄሎ ጡረታ የወጣ ጊታር ተጫዋች እኔ ሳልሆን አልቀርም።

ስለ ትብለጥ ለመናገር ትንሽ ወደ ኋላ ልመለስ። ትብለጥ የጋሽ ደምለው ልጅ ናት። የወተት ጥርሷን በምትነቅልበት ዕድሜ ማንኩሳ ሠርግ ላይ አብራን ነበረች። መሐል ላይ የስፒከሩ ወረቀት ተቀደደ። ጊታሩ ወፍራም፣ ሻካራ፣ ጉሮሮው የቆሰለ ሰው ድምፅ አወጣ። ጎረምሳው «ይደገም!» ብሎ ተነሣ፤ ጋሽ ደምለው ግን በኀፍረት ላብ አጠመቃቸው። በማግስቱ የተቀደደውን ወረቀት በመርፌና በክር ሰፍተው በሙጫ ሲለጥፉት ትብለጥ አጠገባቸው ተቀምጣ «አባየ አይስፉት፣ እንደዚያው ይሻላል» እያለች አለቀሰች። እኛ ሣቅንባት።

አድጋ ቡሬ ጤና ጣቢያ ላብራቶሪ ተቀጠረች። ቀን በማይክሮስኮፕ የወባ ደም ስታይ ትውላለች፤ ከሥራ ስትወጣ ያባቷን አሮጌ ጊታር ይዛ ሮክ ትጫወታለች፤ ያውም ከባዱን፣ ድምፁ ደረት የሚገፋውን። ማንም አላስተማራትም፤ ከስልኳ እያየች ነው የለመደችው። ጋሽ ደምለው «ይኼ ሙዚቃ ነው ወይስ የወፍጮ ቤት ጠብ?» ይሏታል። «ዕድሜዬን ሙሉ ድምፅ ሳጠራ ኖሬ፣ ልጄ መልሳ ታደፍርሰው?» በሣቅ ይባል እንጂ ቁም ነገር ነበረበት። እሷ ስትጫወት አንድም ቀን እስከ መጨረሻው ተቀምጠው ሰምተዋት አያውቁም፤ ወይ ከብት ያያሉ፣ ወይ ቤተ ክርስቲያን ይሄዳሉ።

ጆሯቸው መድከም ሲጀምር ነገሩ ሌላ መልክ ያዘ። ዕድሜ ልኩን ከስፒከር አጠገብ የቆመ ጆሮ ነው። ሐኪሙ የሞተው አይመለስም፣ የቀረውም እየሄደ ነው አለ። ትብለጥ ያን ሰሞን ወደ ጥገና ክፍሌ መጥታ በሩን ዘጋች።

«ጋሽ ሞላ፣» አለችኝ፣ «ያባየ ጆሮ ጨርሶ ሳይዘጋ አንድ ቀን፣ አንድ ቀን ብቻ፣ ተደላድለው እንዲሰሙኝ እፈልጋለሁ። ሰምተው ቢጠሉት ግድ የለኝም። ሳይሰሙኝ ከቀሩ ግን...»

«ታዲያ በያዝሽው ጊታር ተጫወችላቸዋ።»

«በዚህማ እንዴት አድርጌ? ዲስቶርሽኑን ስከፍተው ጉርምርምታው ይቀድመኛል። የሚሰሙት ወፍጮውን ነው እንጂ እኔን አይደለም።»

ልክ ናት። ዲስቶርሽን የሚሏት ትንሽ ሣጥን ድምፁን አሳብጣ ታሻክረዋለች፤ ታዲያ የክሩን ለይታ አይደለም፣ የገባላትን ሁሉ ነው። ለከባድ ሮክ ሌላ ጊታር ያስፈልጋት ነበር። «አባየን ያህል የሚያውቅ እርስዎ ነዎት፣ ይምረጡልኝ» አለችኝ። የስንብቴ ዝግጅት ቀርቦ ስለነበር በዚያው ዕለት አዳራሹ ውስጥ እንድትጫወት፣ ጋሽ ደምለውም ፊት ወንበር እንዲቀመጡ ተስማማን። ኮርቼ ነበር፤ ምን ይደበቃል።

ባሕር ዳር በጠዋቱ ሚኒባስ ሄድን። ሱቁ ስንደርስ መብራት የለም። ባለሱቁ «ከሰዓት ይመጣል ይላሉ» አለ። እኛ ግን ከሰዓት መንገድ ላይ መሆን ነበረብን፤ በዚህ ዘመን ሳይመሽ ቤቱ ለመግባት የማይቸኩል መንገደኛ የለም። ግድግዳው ላይ ከተሰቀሉት ሁለቱን አወረድን። የሁለቱም ፒክአፕ ድርብ ጥቅል ነው፤ ሁለቱ ጥቅሎች ጎን ለጎን ሆነው ጉርምርምታውን እርስ በርስ ያጠፋፉታል፣ ይህን አውቃለሁ። ከዚያ በተረፈ አይገናኙም። አንዱ ጥቁር፣ ድፍን እንጨት፣ ሲያነሡት ትከሻ የሚጎትት ነው። ሌላው ቀይ፣ ሆዱ ባዶ፣ ደረቱ ላይ ሁለት ጠመዝማዛ ቀዳዳ ያለው፣ ሲያዩት የሚያምር። ትብለጥ እጇን ጥቁሩ ላይ አሳረፈች።

«ይኼስ፣ ጋሽ ሞላ? ከባድ ሮክ የሚጫወቱት እንዲህ ያለውን ሲይዙ ነው የማይ።»

«ቆይ፣ በጦሙ እንስማው» አልሁ።

የፊት ጥርሴ ከረገፈ ቆይቷል፤ ስለዚህ የመምህሬን ልማድ በጆሮዬ ነው የማደርገው። ጥቁሩን መታሁት። ከክሩ ቀጭን ሲርታ ወጣና ጠፋ፤ እንጨቱ ትንፍሽ አላለም። ቀዩን ገና ስነካው ሱቁን ሞላው። ክራሬን መልሼ ያቀፍሁ መሰለኝ።

«ጥቁሩ ድዳ ነው» አልኋት። «አባትሽ ቢመጡ ቀዩን ነው የሚመርጡ።»

ዓይኗ ከጥቁሩ አልተነቀለም ነበር። አባትሽ ስላት ግን እጇን አነሣች። ቀዩን ገዝተን ስንወጣ መብራቱ ገና አልመጣም። ቡሬ ገብተን በጥገና ክፍሌ ትንሽ አምፕሊፋየር ላይ ቀስ አድርገን ሞከርነው፤ ጉርምርምታ የለ፣ ምን የለ። «ይኸው» አልሁ። ደስ አላት።

የስንብቴ ዕለት አዳራሹ ሞላ። ንግግር ተደረገ፣ ጋቢ አለበሱኝ። የጋሽ ደምለው ግራ ጆሮ በዚያን ጊዜ ጨርሶ ሄዷል፤ ቀኙን በመዳፋቸው ወደ መድረኩ አቅንተው ፊት ወንበር ተቀምጠዋል። ትብለጥ ወጣች፣ ለአባቷ እጅ ነሣች፣ ዲስቶርሽኑን ከፈተችና ድምፁን ለአዳራሹ የሚበቃ ያህል ጨመረች። ገና ክር ሳትነካ ጊታሩ ራሱ ጮኸ። ኡኡታ ነው። መዳፏን ክሮቹ ላይ ጫነች፤ አልተወም። ስትቀንሰው ኡኡታው ይቆማል፣ የምትፈልገው ከባድ ድምፅም አብሮ ይጠፋል፤ ስትጨምረው መልሶ ይጮሃል። ሰው ጆሮውን ያዘ። ከኋላ የሣቀም ነበር።

ምክንያቱን አሁን ጠንቅቄ አውቀዋለሁ። ከስፒከሩ የወጣው ድምፅ ተመልሶ ባዶው ሆድ ውስጥ ይገባል፤ ሆዱ ይነዝራል፣ ክሩን ያነዝረዋል፣ ክሩ እንደገና ወደ ስፒከሩ ይልከዋል፤ እንዲህ እንደ ሐሜት በዞረ ቁጥር እያበጠ ይሄዳል። ለክራር በረከት የሆነው ሆድ ለዚህ ድምፅ ጠላቱ ነው። ድምፁን ዝቅ አድርገን ስንሞክረው አይታይም፤ ከባዱ ድምፅ ደግሞ ዝቅ ሲል የለም።

ጋሽ ደምለው ተነሡ። ሊወጡ መስሎኝ ነበር፤ ወደ መድረኩ መጡ። ጊታሩን ከልጃቸው ተቀብለው ሆዱን በጣታቸው ኳ ኳ አደረጉት።

«ይኼን የመረጠ ማነው?»

«እኔ ነኝ፣ ጋሼ» አልሁ በቀኝ ጆሯቸው ጮኼ።

«በጦሙ ሰምተኸዋል?»

«ሰምቼዋለሁ።»

ጊታሩን ለልጃቸው መለሱላት። «እንዲያ ከሆነስ ጥፋቱ ያንተ አይደለም፣ የኔ ነው» አሉ። ከዚያ የትብለጥን ራስ ዳበሱ። «ዛሬ አልሰማሁሽም ልጄ። ሌላ ቀን ትደግሚልኛለሽ።»

ቢሰድቡኝ በስንት ጣዕሙ። ቤቴ ገብቼ ጋቢውን አውልቄ ወንበር ላይ ጣልሁትና እንደ ልጅ አለቀስሁ። አንድ ሙያ ነበረችኝ፤ በመጨረሻው ቀን፣ ሰው ሁሉ ባለበት፣ ከእጄ ወደቀች። ከዚያም በላይ ያቺ ልጅ የነበራት ቀን አንድ ነበር።

ቀዩን ጊታር በቀዳዳው ስፖንጅና የጨርቅ ቁራጭ እየጠቀጠቅሁ ላድነው ሞከርሁ። ጩኸቱ ቀነሰ፤ ድምፁም አብሮ ታፍኖ ትራስ ውስጥ የሚያወራ ሰው ሆነ። ተስፋ ቆርጬ ፍኖተ ሰላም ጋሽ ደምለው ዘንድ ሄድሁ። እሳቸው ነገሩን ሲያስቡበት ከርመዋል።

«አንተ ሞላ፣ ማንኩሳ ላይ የተቀደደችው ስፒከር ትዝ ትልሃለች?»

«እንዴት እረሳታለሁ፣ ጋሼ።»

«ያ ድምፅ ከእንጨት አልነበረም። እንጨቱማ ያው የኔው ጊታር ነው። ከተቀደደው ወረቀት ነው የመጣ። ትብለጥ የምትወደው ድምፅ ከሆድ አይወለድም፤ ከጥቅሉና ከአምፕሊፋየሩ ነው። እንጨቱ የሚፈለግ ዝም ብሎ ክሩን እንዲይዝላት ብቻ ነው። ያ ድዳ ያልኸው እሱ ነበር የሚሆናት።»

ከዚያ ሊገዛ ስለሚገባው ጊታር አንድ በአንድ ነገሩኝ፤ እስከ መጨረሻው ሰምተውት እንደማያውቁት ሙዚቃ ሳይሆን ዕድሜ ልካቸውን እንደሠሩበት ነገር። ድፍንና ከባድ ይሁን። ጥቅሉ ድርብ ይሁን። የክር ማሠሪያው የማይወዛወዝ፣ ከእንጨቱ ጋር የተጣበቀ ይሁን፤ እሷ ቅኝቱን ዝቅ አድርጋ ነውና የምትጫወት የሚወዛወዘው ቅኝት ያፈርስባታል። ክሩም ወፈር ይበል፤ ቀጭን ክር ዝቅ ሲሉት ይልፈሰፈሳል። ይህን ሁሉ ከትብለጥ እጅ ላይ አይተው እንጂ ሰምተው አልነበረም። ሲጨርሱ «የክራርን ሕግ ለጊታር ስሰጥ ኖርሁ» አሉ። ሲሉት አልሣቁም።

ወደ ባሕር ዳር ልንመለስ ስንነሣ መንገድ ተዘጋ። ተከፈተ ሲሉን ይዘጋል፤ ስልኩም ይጠፋል። ትብለጥም ጤና ጣቢያዋን ጥላ የማትወጣበት ጊዜ ነበር። ክረምት ገባ፣ ወጣ። እኔ መንገድ በተገኘ ቁጥር ፍኖተ ሰላም ስሄድ የጋሽ ደምለው ንግግር እየጮኸ፣ እየጮኸ መጣ፤ ራሱን የማይሰማ ሰው ነው እንዲያ የሚናገር። መጀመሪያ የቤተ ክርስቲያኑን ደወል አጡት፣ ቀጥሎ የእትዬ አበበችን ጥሪ። አንድ ቀን ከጀርባቸው ቆሜ ብጠራቸው፣ ብጠራቸው፣ ሳይዞሩ ቀሩ። ከዚያ ወዲያ በጣታችን መዳፋቸው ላይ መጻፍ ጀመርን። «ጊታሩስ?» ይሉኛል። እኔ መዳፋቸው ላይ «መንገድ» ብዬ እጽፋለሁ። ራሳቸውን ነቅነቅ አድርገው እጃቸውን ይሰበስባሉ።

መንገዱ ሲከፈት ትብለጥ ብቻዋን ሄደች። እኔን አልጠራችኝም፤ ደግ አደረገች። ጥቁሩ ጊታር አቧራ ለብሶ እዚያው ተሰቅሎ አገኘችው። ያን ዕለት መብራት ነበር። ሰክታ፣ አስጩኻ፣ ባለሱቁን አስመርራ ገዛችው።

እሑድ ከሰዓት ጋሽ ደምለው ግቢ ተሰበሰብን፤ ባልና ሚስቱ፣ ትብለጥና እኔ። ትብለጥ ከመንገድ ስትገባ አባቷን ገና ስታያቸው የሆነውን ተረድታለች፤ ግን «ምናልባት ወፍራሙ ድምፅ ይሰማቸው ይሆናል» ትላለች። እኔም ምናልባት እላለሁ። ሶኬቱ ሳሎን ስለሆነ አምፕሊፋየሩን ከውስጥ መስኮቱ ሥር አቆምሁትና ገመዱን በመስኮት አወጣሁት። ጋሽ ደምለው ጀርባቸውን ለመስኮቱ ሰጥተው በርጩማ ላይ ተቀመጡ። ትብለጥ ፊት ለፊታቸው ሆነች። ጊታሩን ከማንሣቷ በፊት እጇን ታጠበች። ከጋሽ ደምለው ጀርባ በመስኮቱ በኩል ሰካሁላት።

ወፍራሙን ክር መታች። እንዲያ ያለ ድምፅ ከዚያ ግቢ ወጥቶ አያውቅም። ከባድ፣ ጥቅጥቅ ያለ፣ ሻካራ፣ ግን ጉርምርምታ የሌለበት፣ ኡኡታ የሌለበት። የጎረቤት ዶሮዎች ከአጥሩ ሥር ተበተኑ። የቤቱ ቆርቆሮ ይንቀጠቀጣል። እኔ ይህን ሙዚቃ ወድጄው አላውቅም፤ ያን ቀን ግን ገባኝ። ያቺ የተቀደደችው ስፒከር ነበረች፤ ልጅቷ ዕድሜዋን ሙሉ ይዛት አድጋለች። እያለቀሰች አልነበረም የምትጫወተው፤ ዓይኗን ካባቷ ፊት ላይ ሳትነቅል፣ ጥርሷን ነክሳ ነው።

ጋሽ ደምለው ጣቶቿን ያያሉ። ፊታቸው ላይ ምንም የለም። ቆይተው ጎንበስ አሉና ጥርሳቸውን ከጊታሩ ቀንድ ላይ አሳረፉ፤ የሳቸው ጥርስ እስካሁን ሙሉ ነው። ዓይናቸውን ጨፈኑ። ትብለጥ መምታቷን አላቆመችም። ግንባራቸው ቀስ እያለ ሲፈታ አየሁ፤ ከንፈራቸው ጫፍ ላይ ፈገግታ መጣ። እትዬ አበበች በነጠላቸው አፋቸውን ያዙ። ትብለጥ ወደኔ ዞራ «ሰሙኝ» አለች፤ ድምፁ ውጦት ከከንፈሯ ነው ያነበብሁት።

ጋሽ ደምለው ቀና አሉ።

«ጥሩ እንጨት ነው!» አሉ እየጮኹ። «ድዳም አይደለ። ሞላ፣ ተሳስተሃል።» ልጃቸውን አዩ። «በጦሙስ ሰማሁት። በይ እንግዲህ ልጄ፣ አሁን ሰኪውና ልስማሽ።»

ይህን ብለው መልሰው ጥርሳቸውን ቀንዱ ላይ አሳረፉ። የትብለጥ እጅ አልቆመም። እኔ በመስኮቱ እጄን ሰድጄ የአምፕሊፋየሩን ቁልፍ እስከ መጨረሻው አዞርሁት። የመስኮቱ መስታወት ተርገበገበ፣ ከመንገድ ማዶ ሰዎች ከየቤታቸው ወጥተው ቆሙ። ጋሽ ደምለው ዓይናቸውን እንደጨፈኑ እስክንሰካው ይጠብቁ ነበር።